ተጫዋቾች ስለ ምናብ ዓለማችሁ ሲጠይቁ እንዴት ትመልሳላችሁ? ከጥያቄው እስከ ደብተሩ ዝርዝር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የጠረጴዛ የሚና ጨዋታ (መሪው የምናብ ዓለሙን እየተረከ፣ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት) የሚመሩ ሰዎች ጨዋታውን በመምራት ብዙም አይቸገሩም። የሚቸገሩት በሁለት ጨዋታዎች መካከል ባለው ሳምንት ነው። አንድ ተጫዋች «ያ የተቃጠለው ግንብ የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሪውም ደስ ብሎት ሁለት ገጽ ታሪክ ጽፎ ይልካል። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱ ከካርታው ጋር ይጋጫል፣ ለወራት የተያዘው ምስጢር ወጥቶ ይገኛል፣ ሌላው ተጫዋች «ለእኔ ግን እንዲህ አላልከኝም» ይላል። ዓለሙ ከዚያ በኋላ አይታመንም።

ይህ መመሪያ ያንን ለመከላከል የተጻፈ ነው። ሁሉም ደረጃዎች የቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ መልስ ማለት ተጫዋቹ በሚቀጥለው ጨዋታ ይዞት የሚንቀሳቀስበት ነገር ነው። እውነት ቢሆንም፣ አምሮ ቢጻፍም፣ ተጫዋቹ ምንም ካላደረገበት ገና አልተመለሰለትም።

ለምሳሌ የምጠቀመው ሁለት ከተሞች ያሉትን የምናብ ዓለም ነው። ጉም አምባ ከተራራ ወገብ ላይ ተቀምጣለች፤ ቆላ ደጅ ከታች፣ ሙቀቱ ከሚጀምርበት ሜዳ ላይ። በመካከላቸው ጠመዝማዛ የጨው መንገድ አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ አንባቢ ከየት እንደተቀዱ ወዲያው ይገባዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዝግጅት

አንድ ደብተር ያዙ

ወፍራም፣ መስመር ያለው የወረቀት ደብተር ይሁን። በስልክ የተጻፈ ማስታወሻ በመልእክቶች መካከል ይጠፋል፤ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ጨዋታው መሐል ላይ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ደብተሩን በአምስት ክፈሉት፦ ቦታዎች፣ ሰዎች፣ ኃያላን (በዓለሙ የሚመለኩት)፣ ዘመናት፣ ዋጋና ርቀት። በእያንዳንዱ ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ የሁለት ጣት ስፋት ባዶ ተዉ። ምልክት የሚጻፈው እዚያ ነው።

ሦስት ምልክቶችን ለዩ

ጽ ማለት የጸና ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የተነገረ ወይም የታየ፣ ተጫዋቾች የሰሙት ነገር ሁሉ ጽ ይሆናል።

ወ ማለት ወሬ ነው። በዓለሙ ውስጥ የሚኖር ሰው ተናግሮታል፤ እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

ድ ማለት ድብቅ ነው። የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የጻፋችሁት፣ ማንም ያልሰማው ታሪክ ገና አልጸናም። የአሥር ትውልድ የነገሥታት ዝርዝር ቢሆንም እንኳ ድ ነው፤ ነገ ልትቀይሩት ትችላላችሁ። ይህን ነጻነት በከንቱ አትጣሉት። «ጽፌዋለሁና አልነካውም» የሚል መሪ ዓለሙን ያደርቀዋል።

የማይመለሱ ጥያቄዎችን ቀድማችሁ ምረጡ

ከሦስት አይብለጡ። ኤበሮን የተባለውን ዓለም የፈጠረው ኪት ቤከር የተጫዋቾችን ጥያቄ በብዛት ከሚመልሱ ፈጣሪዎች አንዱ ነው። ሆኖም ሳየር የተባለችው አገር በአንድ ቀን ለምን እንደጠፋች ሆን ተብሎ ሳይወሰን ቀርቷል፤ ምክንያቱን እያንዳንዱ የጨዋታ መሪ ለራሱ ጠረጴዛ ይመርጣል። ጥያቄው ክፍት እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ «ፈጣሪው ረስቶት ይሆናል» የሚል የለም። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። «ሦስተኛው ፀሐይ ለምን ጠፋ የሚለውን አልመልስም» ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። በኋላ ስትጠየቁ የምታመልጡ ከመሰላቸው ቅር ይሰኛሉ።

መለኪያዎችን አስተካክሉ

ከውጭ የመጡ የጨዋታ መጻሕፍት ርቀትን በጫማና በማይል ይለካሉ። 5 ጫማ 1.5 ሜትር ገደማ፣ 30 ጫማ 9 ሜትር ገደማ፣ 1 ማይል ደግሞ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

ሰዓት ይበልጥ ያሳስታል። መጽሐፉ «ጥበቃው በ9 ሰዓት ይቀየራል» ሲል የጠዋት ከሆነ በእኛ 3 ሰዓት ነው። አንዱ ተጫዋች በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላው በመጽሐፉ አቆጣጠር አስቦ ወደ ግንቡ የሄደ እንደሆነ አንደኛው ለሞት ይዳረጋል፤ ጥፋቱም የእናንተ ይሆናል። ዓለማችሁ በየትኛው እንደሚቆጥር አሁኑኑ ወስኑ። እኔ ቀኑ ከንጋት 12 ሰዓት እንዲጀምር፣ ዓመቱም 13 ወር እንዲኖረው ነው የምመክረው። ተጫዋቹ ሳያሰላ ይገባዋል፤ ጳጉሜንም ለምናብ ዓለም እጅግ የተመቸች ወር ናት።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ተቀበሉ፤ አትመልሱ

1. ጥያቄውን በተጫዋቹ በራሱ ቃል ጻፉ። አታሳምሩት፣ አታሳጥሩት። «ዘንዶው ለምን አይበርም?» እና «ዘንዶው መብረር አይችልም እንዴ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ውስጥ ስጋት አለ።

2. ከሥሩ ሦስት ነገሮችን አክሉ፦ የጠያቂው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? አሁን በዓለሙ ውስጥ የት ቆሟል? ቀጣዩ ጨዋታ መቼ ነው?

3. መቀበላችሁን አሳውቁ። «ጥያቄሽን ይዤዋለሁ፤ እስከ ዓርብ መልስ ታገኛለሽ» ይበቃል። ከጨዋታው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ የሚደርስ ቀጠሮ ስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በአፍ የሚመጣ ጥያቄ ከሁሉም አደገኛ ነው። ፒያሳ ላይ ስትገናኙ ወይም ሚኒባስ ውስጥ አብራችሁ ስትወርዱ የተነሳውን ጥያቄ እዚያው አትመልሱ። ወደ ደብተር ሳይገባ የተነገረ መልስ እናንተ ትረሱታላችሁ፤ ተጫዋቹ ግን አይረሳውም።

ደረጃ 2፦ የጥያቄውን ዓይነት ለዩ

ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

የሕግ ጥያቄ። «ይህ ድግምት ስንት ሜትር ይደርሳል?» ዓይነቱ ነው። በአንድ መስመር መልሱ። ተረት አትጨምሩበት፤ ተጫዋቹ የፈለገው ቁጥር ነው።

ገጸ ባሕርይው ሊያውቀው የሚገባ። ጉም አምባ ተወልዶ ያደገ ገጸ ባሕርይ የትኛው በር በሌሊት እንደሚዘጋ ለማወቅ ዳይስ መጣል የለበትም። ሙሉውን ስጡት። መሪዎች ከመጠን በላይ የሚቆጥቡት እዚህ ነው፤ ተራውን ነገር እንደ ምስጢር ሲሸሽጉ ተጫዋቹ በገዛ አገሩ እንግዳ ይሆናል።

ፈልጎ ሊያገኘው የሚገባ። በር ጠባቂው ማን ነው? ጨው የጫነችውን በቅሎ ማን ላካት? ይህ ጨዋታው ራሱ ስለሆነ በመልእክት አይሰጥም። የሚሰጠው የት እንደሚፈለግ ነው።

እነዚህን ሁለቱን መለየት ሲያስቸግራችሁ እንዲህ ብላችሁ ፈትኑ፦ በዚያ ቦታ የተወለደ፣ በዚያ ዕድሜና ሥራ ያለ ሰው ሳይፈልግ ይህን ይሰማል? የደሴ ልጅ የጦሳን ተራራ ማንም ሳያሳየው ያውቀዋል፤ ሰኞ ገበያ መቼ እንደሚደምቅም አይጠይቅም። አንድ ነጋዴ በመጋዘኑ የቆለፈበትን ሣጥን ግን ምን እንደያዘ አያውቅም። ሳይፈልግ የሚሰማውን በነጻ ስጡ፤ የተቆለፈውን አትስጡ።

ልመና የያዘ ጥያቄ። «በዚህ ዓለም ሴት ዘንዶ ጋላቢዎች አሉ?» ብላ የጠየቀችው ተጫዋች ስለ ዘንዶ ጋላቢዎች ታሪክ እንድትጽፉላት አልፈለገችም። ዘንዶ መጋለብ ፈልጋለች። እናንተ «ከ300 ዓመት በፊት ነበሩ፣ አሁን ጠፍተዋል» ብላችሁ ያማረ ታሪክ ብትጽፉ በሩን ዘጋችሁባት። መጀመሪያ «ገጸ ባሕርይሽ እንድትሆን ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለች የሚቀጥለው ሥራ ታሪክ መጻፍ ሳይሆን መንገድ ማበጀት ነው፦ ማን ያስተምራታል? ምን ያስከፍላታል? የመጀመሪያው ፈተና የት ነው? «አለ ወይ?»፣ «ይቻላል ወይ?»፣ «ተፈቅዶ ያውቃል ወይ?» ብለው የሚጀምሩ ጥያቄዎችን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩ።

ከዓለሙ ውጭ የመጣ ስጋት። «አስማተኛ ሆኜ ስጫወት ጥንቆላ አይሆንብኝም?»፣ «እናቴ ደብተሬን አይታ ደነገጠች» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ይህን በተረት አትመልሱት፤ በመልእክትም አትጨርሱት። ፊት ለፊት ተገናኙ። ቤተሰቡ ከፈቀደ እናቱን ወይም አባቱን አንድ ቀን ጋብዟቸውና ሲጫወቱ ይዩ። ልጆች ቁጭ ብለው ቁጥር ሲደምሩ፣ ካርታ ሲስሉና ሲከራከሩ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ተጫዋቹ ያኔም ካልተመቸው ገጸ ባሕርይውን ወደ ቀስተኛ ወይም ወደ መንገድ መሪ ቀይሩለት እንጂ አትከራከሩት።

ስለ ኃያላን ሲጠየቅ የተለየ ጥንቃቄ

በወሎ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጣል። «የዚህ ዓለም አምላክ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የሚከተሉትን ጠብቁ።

1. የጻድቃንን፣ የመላእክትን፣ የነቢያትንም ሆነ የወሊዮችን ስም አትጠቀሙ። በትንሹ ቀይሮ መጠቀምም ያው ነው።

2. የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳምም ሆነ ጀማ ንጉሥ የተባለውን የሙስሊሞች የዝያራ ቦታ ለውጊያ ቦታ አምሳያ አታድርጉ። ለጨዋታ የሚሆን ሐይቅና ተራራ ሞልቷል።

3. በዓለሙ የሚመለኩትን «ኃያላን» በሏቸው፤ ሥራቸውንም ከተፈጥሮ አውጡ። የጉም ጠባቂ፣ የጨው እናት፣ የቁልቁለት ጌታ።

4. ማንኛውም ተጫዋች ገጸ ባሕርይውን ለማንም ሳያሰግድ መጫወት እንዲችል አድርጉ። ሕጉ ለፈዋሽ ኃያል ያስፈልገዋል ካለ ኃይሉን ከመሐላ ወይም ከዕውቀት የሚያገኝበትን አማራጭ አዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ ደብተሩን ፈልጉ፤ ከሌለ ፍጠሩ

መጀመሪያ ጽ፣ ቀጥሎ ወ፣ በመጨረሻ ድ ፈልጉ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ከድብቁ የጀመረ ሰው ምስጢሩ በዓይኑ ላይ ስለሚውል ሳያስበው ያንጸባርቀዋል።

በደብተሩ ምንም ካልተገኘ በምናብ ብቻ አትዘሉ። ሁለቱ ዘዴዎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. ከምታውቁት መሬት ቅዱ። «ከጉም አምባ ቆላ ደጅ ስንት ቀን ያስኬዳል?» ተብላችሁ እንበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው ታዋቂ የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም ሕግ በመካከለኛ ፍጥነት የሚጓዝ ቡድን በቀን 8 ሰዓት ተጉዞ 24 ማይል፣ ማለትም 39 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ መሬቱ አስቸጋሪ ሲሆን ግማሹን ብቻ። ስለዚህ ደረቅ ወቅት ላይ፣ በተጠረገ መንገድ፣ በአንድ ቀን ይደረሳል። ክረምት ላይ መንገዱ ሲናድ 19 ኪሎ ሜትር ላይ ይመሻል። መሐል መንገድ ላይ ማደር ግዴታ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ማደሪያ ወለደላችሁ፤ ማደሪያው ደግሞ ባለቤት፣ እንግዶችና ሌሊት አለው። ጠያቂው «ስንት ቀን?» ብሎ ለጠየቀው «በበጋ አንድ፣ በክረምት ሁለት፤ ማደሪያውም ያዘመመው ዋርካ ሥር ነው» የሚል መልስ ይደርሰዋል።

ለ. ዳይስ ጣሉ። ልታኖሯቸው የምትችሏቸውን አራት መልሶች ጻፉ፤ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጥላችሁ ደምሩ። ድምሩ ከ6 እስከ 8 ከሆነ በጣም የሚመስለውን መልስ ውሰዱ፤ ይህ ከ36 ዕድሎች 16 አለው። ከ3 እስከ 5 ሁለተኛው፣ ከ9 እስከ 11 ሦስተኛው ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ36ቱ 9 አላቸው። 2 ወይም 12 ከወጣ ያልተጠበቀውን አራተኛ መልስ ተቀበሉ። ዕድሉ ከ18 አንድ ብቻ ስለሆነ ሲወጣ ዓለሙ እናንተንም ያስደንቃችኋል። ማስጠንቀቂያ፦ ልትሸከሙት የማትችሉትን መልስ ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ። ዳይሱ ከወደቀ በኋላ ደግሞ መጣል የለም።

ደረጃ 4፦ የሚናገረውን ሰው ምረጡ

የዓለም ታሪክ ጥያቄ በእናንተ አፍ ሲመለስ አዋጅ ይሆናል፤ በዓለሙ ነዋሪ አፍ ሲመለስ ወሬ ይሆናል። ፎርጎትን ሪልምስ የተባለውን ዓለም የፈጠረው ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ ድራጎን በተባለው መጽሔት ላይ ሲጽፍ ብዙውን ነገር ኤልሚንስተር በሚባል አረጋዊ አስማተኛ አፍ ያስነግር ነበር። ሽማግሌው ሊሳሳት፣ ሊያጋንን፣ ሊደብቅ ይችላል። ፈጣሪው ግን በቃሉ አይያዝም።

ሦስት ወይም አራት ተናጋሪዎች ይበቃሉ። ለእያንዳንዳቸው በደብተሩ «ሰዎች» ክፍል ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ያውቃል፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይደብቃል። የጨው በሩ ጸሐፊ ጭነትና ቀን ያውቃል፣ ጉቦ ይፈልጋል፣ የጠፋ ገጽ ይደብቃል። ቡና የምታፈላው እማማ ውድነሽ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ታውቃለች፣ ሰው እንዲጠይቃት ትፈልጋለች፣ ልጇ የት እንዳለ ትደብቃለች።

አዝማሪን አትርሱ። ለእኛ ተጫዋቾች ከየትኛውም የጥንት ብራና ይልቅ ሁለት ስንኝ ይገባቸዋል፤ ምስጢርን ለማስቀመጥም ከሰምና ወርቅ የተሻለ ቦታ የለም። ሰሙን ወሬ፣ ወርቁን ድብቅ አድርጉት። «የድሮው ንጉሥ በእርግጥ ሞቷል?» ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ አዝማሪው እንዲህ ይበል፦

ንጉሡ ሞቷል ሲሉ ሰምቼ ብጠይቅ፣
በር ጠባቂው አለ ከደጃፉ ሳይርቅ።

ሰሙ ንጉሡ ቢሞትም በሩ ዛሬም ጠባቂ እንዳለው ይናገራል። ወርቁ ደግሞ ንጉሡ ራሱ በር ጠባቂ ሆኖ እንደተቀመጠ። ተጫዋቹ ሰሙን ብቻ ይዞ ቢሄድም በሩ ጋ ይደርሳል፤ ወርቁን ያገኘ ደግሞ ፊቱን አይቶ ያውቀዋል። በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት የሚያንጎራጉር ተጫዋች ካላችሁ እሱ ይዝፈነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ገጸ ባሕርይ ሊዋሽ ይችላል፤ እናንተ ግን አትዋሹ። በራሳችሁ ስም «የለም» ካላችሁ በእርግጥ መኖር የለበትም። ይህ ድንበር አንድ ጊዜ ከተጣሰ ተጫዋቾች የሕጉን መልስ ሳይቀር ይጠራጠሩታል።

ደረጃ 5፦ መልሱን ጻፉ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ቀጥተኛው መልስ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።
2. የተመረጠው ሰው የሚለው፣ ከሦስት እስከ አራት ዓረፍተ ነገር።
3. የሚኬድበት ቦታ፣ የሚጠየቅ ሰው ወይም የሚደረግ ነገር።
4. አቁሙ።

ከአንድ የስልክ ገጽ አይብለጥ። «የጨው በሩ ለምን በሌሊት ይዘጋል?» ለሚለው ጥያቄ፣ ጠያቂው የጉም አምባ ነጋዴ ልጅ ከሆነ፣ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በሩ ፀሐይ ስትገባ ይዘጋል፤ ይህን የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቃል። እማማ ውድነሽ ቡናውን እየቀዳች እንዲህ ትልሃለች፦ ‹አብሽር ልጄ፣ ሌባ ፈርተው እንዳይመስልህ። ባለፈው ክረምት አንዲት በቅሎ ጨው እንደተሸከመች ከታች መጣች፤ ባለቤቷ ግን አልመጣም። በሩን መዝጋት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።› ጭነቱን የመዘገበው ጸሐፊ ሰኞ ሰኞ ገበያው ዳር ይቀመጣል።»

ተጫዋቹ ቅዳሜ ሲመጣ «ጸሐፊውን እፈልጋለሁ» ብሎ ይጀምራል። ያው ጥያቄ የከተማው መሥራች፣ የግንቡ ዕድሜና የአምስት ነገሥታት ስም ተዘርዝሮ ቢመለስለት ኖሮ አመስግኖ ይቀመጥ ነበር።

ከመላካችሁ በፊት ድ የተባለ ነገር አምልጦ እንዳልገባ አንድ ጊዜ አንብቡ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል በራሳችሁ አፍ አትጠቀሙ፤ ጥርጣሬ ካለ ተናጋሪው ይጠራጠር። «ጊዜው ሲደርስ ታያላችሁ» የሚለውንም አታብዙ። የማይመለስ ጥያቄ ከሆነ በዝግጅት ላይ ከተመረጡት አንዱ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ።

ደረጃ 6፦ መዝግቡ፤ አዳርሱ

በላካችሁበት ቀን ደብተሩ ውስጥ አስገቡት። ቀጥተኛው መልስ ጽ፣ የተናጋሪው ቃል ወ ነው። ለየትኛው ቡድን እንደተላከም ጠርዙ ላይ ጻፉ።

ሁለት ቡድን የምትመሩ ከሆነ፣ አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ፣ ዓለሙ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ። በግሬግ ስታፎርድ በተፈጠረው በግሎራንታ ዓለም ተጫዋቾች መካከል የታወቀ መርሕ አለ፤ የእያንዳንዱ ጠረጴዛ ግሎራንታ ከሌላው መለየቱ አይቀርም፣ ስሕተትም አይደለም። ይህን ከመረጣችሁ ለሁለት ቡድን ሁለት ደብተር ያዙ። አንድ ዓለም ይሁን ካላችሁ ግን ለአንዱ ቡድን የጸና መልስ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ለሌላውም ይድረስ። ወ የተባለውን አታዳርሱ። ወሬ ከላይ ወደ ታች በራሱ ጊዜ ይውረድ፤ የኮምቦልቻው ቡድን አዛብቶ ቢሰማው እንዲያውም ይሻላል።

ነገሩ ሲበላሽ

ሁለት መልሶች ሲጋጩ። ምልክቶቹን እዩ። አንዱ ጽ ሌላው ወ ከሆነ ችግር የለም፤ ወሬው ውሸት ነበር። ሁለቱም ጽ ከሆኑ መጀመሪያ የተነገረው ይጸናል፤ ሁለተኛውን ወደ ወ አውርዱትና በዓለሙ ውስጥ ማን እንዳሰራጨው ፈልጉለት። ሁለተኛውን አምኖ ገንዘብ ያወጣ፣ መንገድ የሄደ ወይም የቆሰለ ገጸ ባሕርይ ካለ ይህ ዘዴ አይሠራም። በጨዋታው መክፈቻ ላይ የሚጸናውን በግልጽ ተናግራችሁ የጠፋበትን መልሱለት።

ተጫዋቹ ምስጢሩን ሲገምት። ግምቱ ትክክል ስለሆነ ብቻ ምስጢሩን አትቀይሩ። በጥንቃቄ አዳምጦ የደረሰበትን መንጠቅ ነው። አታረጋግጡለት፣ አትካዱትም። «ይህን ለማረጋገጥ ወዴት ትሄዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲሄድ ማስረጃውን ያግኝ።

ምስጢር ለተሳሳተ ቡድን ሲላክ። መልእክቱን አጥፍታችሁ ዝም አትበሉ። ያነበበው ተጫዋች ካለ ገጸ ባሕርይው ያንን ወሬ ከማን እንደሰማ ከእሱ ጋር ወስኑ፤ አሁን ወ ሆኗል። ከዚያ በዓለሙ ውስጥ ተቃራኒውን የሚያወራ ሌላ ሰው ፍጠሩ። ቡድኑ የትኛውን እንደሚያምን ራሱ ይፈትን።

ተጫዋቹ የታተመ መጽሐፍ ጠቅሶ ሲሞግት። «5ኛው እትም ኤልፍ እስከ 750 ዓመት ይኖራል ይላል» ቢላችሁ (ኤልፍ ሰው የሚመስል የተረት ፍጡር ነው) መጀመሪያ ደብተሩን እዩ። በዓለማችሁ የጸና ሌላ ቁጥር ካለ የእናንተው ይቀጥላል፤ ከየትኛው ጨዋታ እንደጸና ንገሩት። ከሌለ የእሱን ተቀበሉና ጽ በሉት። ባዶ ቦታን ለመከላከል አትከራከሩ።

አንዱ ተጫዋች ጥያቄ ሲያበዛ። በሁለት ጨዋታዎች መካከል ሁለት ጥያቄ እንደሚመለስ ለሁሉም እኩል ደንግጉ፤ የትኞቹ እንደሚቀድሙ እሱ ይምረጥ። የተረፉትን ገጸ ባሕርይው ለጸሐፊው ወይም ለእማማ ውድነሽ የሚጽፈው ደብዳቤ ያድርጋቸው። መልሱ በጨዋታው ውስጥ ይመጣል፣ ሌሎቹም ይሰሙታል።

አንዱ ተጫዋች ጨርሶ የማይጠይቅ ሲሆን። ዓይን አፋር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዓለሙ የእናንተ ብቻ መስሎታል። እናንተ ጠይቁት። «ገጸ ባሕርይህ ልጅ ሳለ በጉም አምባ የሚፈራው የትኛውን ጥግ ነበር?» ብላችሁ ላኩለት። የመለሰውን ሳትቀይሩ ጽ ብላችሁ መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ቡድኑ በዚያ ጥግ እንዲያልፍ አድርጉ። ዝም ያለው ልጅ የራሱ ቃል በሌሎች ፊት ቦታ ሆኖ ሲቆም ያያል። በዚህ መመሪያ ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህን ሞክሩ።

መልሱ ሳይገኝ የጨዋታው ቀን ሲደርስ። ጠረጴዛ ላይ ቆማችሁ ታሪክ ለመፍጠር አትቸኩሉ። ጨዋታው ሲከፈት ለጠያቂው የሚፈልግበትን ቦታ ብቻ ስጡት፦ ሰው፣ በር ወይም የተቀደደ ገጽ። ቡድኑ እዚያ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ዕረፍት ይኖራችኋል። በዕረፍቱ አራት መልሶች ጽፋችሁ ሁለቱን ዳይስ ጣሉ፤ የወጣውን እዚያው ደብተሩ ላይ አስፍሩ።